ከደሴ ባህር ዳር በ45 ደቂቃ የሚያደርሰው አውሮፕላን የቱ ነው?

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ አገር ውስጥ ጉዞ ያወጣችሁትን ዘገባ ደሴ ውስጥ ያላየው ያለ አይመስለኝም። ከስልክ ስልክ ሲዞር ነው የሰነበተው። ሌላውን ልለፈው። እኔን ያናደደኝ የሠንጠረዡ አንድ መስመር ነው፦ «ደሴ – ባህር ዳር፣ 260 ኪሎ ሜትር፣ በረራ 45 ደቂቃ»።

ከየት ተነስቶ?

ደሴ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። ማረፊያው ያለው ኮምቦልቻ ነው። ዘገባችሁ ውስጥ ግን የኮምቦልቻ ስም አንድም ቦታ አልተነሳም። ከደሴ ፒያሳ ተነስቶ አውሮፕላን ለመሳፈር የሐረጎን ጠመዝማዛ 25 ኪሎ ሜትር ያህል መውረድ ግድ ነው። ክረምት ላይ ሐረጎን ጭጋግ ሲለብሰው ሾፌሩ መብራት አብርቶ፣ ክላክስ እያሰማ፣ የከባድ መኪና ኋላ ኋላ ነው የሚወርደው። 45 ደቂቃችሁ እዚያው ቁልቁለቱ ላይ ያልቃል።

ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ካርታ ላይ በሁለቱ ከተሞች መካከል ቀጥ ያለ መስመር ሲሰመር 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል። ልክ ነው። ለአውሮፕላን ፍጥነት ሲካፈል ደግሞ ከአንድ ሰዓት በታች ይሆናል። በሂሳቡ አልጣላም። ግን በዚያ መስመር ላይ ማን ይሳፈራል? ከኮምቦልቻ የተነሳ መንገደኛ መጀመሪያ ወደ ደቡብ፣ አዲስ አበባ ይወርዳል። እዚያ ሌላ በረራ ጠብቆ ወደ ባህር ዳር ይመለሳል። በቀጥታ መስመር ቢለካ እንኳ የመጀመሪያው 250፣ ሁለተኛው 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድምሩ 580። ከጻፋችሁት ከእጥፍ በላይ! ቦሌ የሚጠበቀውና የትኬቱ ዋጋ ገና አልተነሳም።

በመኪና ከሆነ ሐይቅን፣ መርሳን፣ ወልድያን አልፎ፣ የድልብን ዳገት ወጥቶ፣ በጋሸናና በደብረ ታቦር 480 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ሰላም ከሆነ ንጋት ላይ የወጣ ሰው ማታ ይገባል።

ነገሩ ቤቴ ድረስ ስለገባ ነው እንዲህ የምናገረው። ባህር ዳር የነበረችው አክስቴ ስታርፍ ለቀብር ለመድረስ ያልሞከርነው አልነበረም። በረራው ሞልቷል ተባልን። በመኪና ወጣን። እኛ ጋሸና ስንደርስ ቀብሩ አልቆ ነበር። እናቴ እህቷን ሳትቀብር ቀረች። ውጭ ያሉ ዘመዶቻችን ይህን እስከዛሬ ይቅር አላሏትም። አሁን ደግሞ አንዱ የእናንተን ሠንጠረዥ ላከላት፤ «የ45 ደቂቃ መንገድ ነበር እኮ» ብሎ። «ምን ብዬ ልመልስለት?» አለችኝ። እስቲ እናንተ መልሱላት!

ባህር ዳር ለእኛ የመዝናኛ ቦታ ብቻ አይደለችም። የክልሉ ዋና ከተማ ናት። ፋይሉን ይዞ ቢሮ ለቢሮ የሚመላለሰው የወሎ ባለጉዳይ ቀጠሮው ሲያልፍበት «ቅርብ ሆነህ ለምን ዘገየህ?» ይባላል። እንዲህ ያለ ዘገባ ያንን ወቀሳ ያጠናክራል። ከመጻፋችሁ በፊት ደሴ መናኸሪያ ለቆመ አንድ ረዳት ብትደውሉ ኖሮ በደቂቃ ውስጥ ያስረዳችሁ ነበር።

ስለዚህ እርማት እፈልጋለሁ። አውሮፕላኑ ከኮምቦልቻ እንደሚነሳ፣ መንገደኛው በአዲስ አበባ በኩል እንደሚዞር፣ የመኪናው መንገድ ስንት እንደሆነ ጻፉ። ሠንጠረዡ በወጣበት ቦታ፣ በዚያው መጠን ይውጣ።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ