ጥቁሩ ደን ድንግል አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ባለፈው እትማችሁ ስለ ጀርመኑ ሽቫርዝቫልድ፣ ማለትም ስለ «ጥቁር ደን» የጻፋችሁትን እዚህ እንጅባራ ቡና እየጠጣሁ አነበብኩት። ደስ ይላል። «የሰው እጅ ያልነካው» ስትሉ ግን ስኒውን አስቀመጥኩ። ኧረ የሰው እጅ በደንብ ነክቶታል!

ጡረታ የወጣሁ የደን ሠራተኛ ነኝ። በ1996 ዓ.ም. ለአራት ወር ሥልጠና እዚያው ደን አጠገብ ወዳለችው ፍራይቡርግ ከተማ ሄጄ ነበር። ያረፍኩት ከከተማው ወጣ ብሎ፣ አንዲት ባልቴት ቤት ነው። ጣሪያው ዝቅ ብሎ ወርዶ መሬት ሊነካ ምንም አይቀረው። ድሮ ሰውም፣ ከብትም፣ ድርቆሽም በዚያው ጣሪያ ሥር ይከርሙ ነበር። (ለእኛ ብርቅ አይደለም።) ግድግዳው ላይ የኩኩ ሰዓት ተሰቅሏል። አንድ ቀን እሜቴ ጀርባውን ከፍተው አሳዩኝ። ወፏን የሚያስጮሃት ወናፍ ነው! የአንጥረኛ ወናፍ ራሱ፣ ግን የጣት ያህል። ሁለት ናቸው፤ አንዱ ቀጠን ሌላው ወፈር አድርጎ ይነፋል። ገበሬው በረዶው ከቤት ሲያውለው ይህን ይጠርብ ነበር አሉኝ።

ወደ ደኑ ልመለስ። ጥንት ታኔ የሚሉት ጥድ መሳይ ዛፍና ቅጠለ ሰፊው ቡኸ ተቀላቅለው ይበቅሉ ነበር። (መጀመሪያ ስሰማ «ቡሄ» መስሎኝ ጅራፌን ላነሣ ነበር።) ማዕድን ቆፋሪው፣ ከሰል አክሳዩ፣ ብርጭቆ ሠሪው ተረባረበበት። ብርጭቆ ሠሪው የሚፈልገው ማገዶውን ብቻ አይደለም፣ አመዱንም ነው። ረጃጅሙ ግንድ ደግሞ እየታሰረ በኪንዚግና በሙርግ ወንዝ ወደ ራይን፣ ከዚያም ሆላንድ ይወርዳል፤ መርከብ ይሆናል። 19ኛው ክፍለ ዘመን ሲገባ ብዙው ተራራ ተመልጦ ነበር። ያኔ አካባቢውን ታስተዳድር የነበረችው ባደን በ1833 እ.ኤ.አ. የደን ሕግ አወጣች። ተራራው እንደገና ተተከለ፤ በአብዛኛው ግን በአንድ ዓይነት ዛፍ፣ በፊሽቴ። ፊሽቴ ቶሎ ያድጋል። ሥሩ ግን ላይ ላዩን ነው የሚሄደው።

በ1999 እ.ኤ.አ. በፈረንጆች ገና ማግስት ሎታር የሚሉት አውሎ ነፋስ መጣና በሰዓታት ውስጥ እንደታጨደ ገብስ አጋደመው። እኔ ስሄድ አንዱን ቦታ እንደወደቀ ትተውት፣ ሰው የሚያልፍበት የእንጨት መንገድ ሠርተውበት ነበር። የተነቀለ ግንድ ሥር አጠገብ ቆምኩ። ከእኔ ቁመት በላይ ነው፣ ግን ጠፍጣፋ፤ የቆመ ምጣድ ይመስላል። በግንዶቹ መሃል ማንም ያልተከለው ቡቃያ ብቅ ብቅ ብሏል።

እኛም ዘንድሮ አዊን ዲከረንስ በሚሉት የባሕር ማዶ ግራር ሸፍነናል። አልቃወመውም። ከጤፍ ጋር ይተከላል፣ በአምስት ዓመት ከሰል ይሆናል፣ ቆርቆሮ ቤት የሠራበት፣ ልጅ ያስተማረበት ስንት አለ። እኔም ሁለት ቃዳ መሬት ላይ ተክዬዋለሁ። ካቻምና ግን ቅጠሉ ዝገት የመሰለ ነገር ያዘውና ግማሹ ቆሞ ደረቀ። ለሚመለከተው ቢሮ አመለከትኩ፤ «መጥተን እናያለን» አሉ። እስከ ዛሬ እያዩ ነው መሰለኝ።

ስለዚህ ወደ ደብራችን ሄድኩ። በዙሪያችን ያረጀ አገር በቀል ዛፍ የቀረው እዚያ ቅጥር ውስጥ ነው። ቄሰ ገበዙን አስፈቅጄ የዝግባ ፍሬ ለቀምኩ። «ደግሞ በዚህ ዕድሜህ ዝግባ! ማን ሊያየው ነው?» ብሎ አማቼ ሳቀብኝ። ከ60 ፍሬ 11 በቅሏል። አሁን ስንዝር አልፈዋል፤ ፍየሏ አንዱን በልታዋለች።

አንድ የጡረታ የደን ሠራተኛ
ከእንጅባራ፣ ጎጃም