ምጥ ላይ ላለች ሴት መሣሪያው ምን እንደሆነ ንገሯት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በጤና ዓምዳችሁ ስለ አልትራሳውንድ የሚጻፈው ሁልጊዜ ከእርግዝና ክትትል ጋር ተያይዞ ነው። እኔ ዛሬ የምጽፍላችሁ ምጥ ከጀመረ በኋላ ስለሚደረገው ነው። ጎንደር ቁስቋም አካባቢ የምኖር፣ 31 ዓመት በአዋላጅነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ።

ባለፈው ጥር የእህቴ ልጅ የመጀመሪያዋን ልትወልድ ምጧ መጣና ከአዘዞ በባጃጅ ይዘናት ሄድን። ሌሊት 6 ሰዓት ስንደርስ ማህጸኗ 6 ሴንቲ ሜትር ተከፍቷል ተባልን። ከዚያ በኋላ ምጡ ተጓተተ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ምክር ምጡ በደንብ ከያዛት በኋላ በጣት የሚደረገው ምርመራ በየ4 ሰዓቱ ይበቃል። ልጃችን ግን እስኪነጋ ድረስ 5 ጊዜ ተመረመረች፤ የሚመረምራትም በየጊዜው ሌላ ሰው ነበር። በአምስተኛው ላይ የአልጋውን ብረት ጨብጣ «አክስቴ፣ በማርያም፣ በቃኝ በያቸው» አለችኝ።

ወዲያው አንድ ወጣት ሐኪም የአልትራሳውንድ መሣሪያ እየገፋ ገባና ምንም ሳይናገር አንሶላውን ገለጠ። እግሯን ገጥማ አለቀሰች። «እምቢ ብላለች» ብሎ ካርዷ ላይ ሊጽፍ ብዕሩን አወጣ።

ምኑን ነው እምቢ ያለችው? በኋላ ስጠይቃት መሣሪያው ወደ ውስጥ የሚገባ መስሏት ነበር። ጨረር ያለው፣ ልጇን የሚጎዳ ነገርም መስሏት ነበር። አልትራሳውንድ እኮ የሚሠራው ጆሮ በማይሰማው ድምፅ ነው፤ እንደ ራጅ ጨረር የለውም። ይህንን የነገራት ሰው ግን አልነበረም።

ደግነቱ አንዲት አዋላጅ ደረሰች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና እጇን ይዛ እንዲህ አለቻት፦ «የኔ እናት፣ ይሄ ወደ ውስጥ አይገባም። መጀመሪያ ከእምብርትሽ በታች ሆድሽ ላይ፣ ከዚያ ጓንት አልብሼው ጄል ቀብቼ ከታች፣ ከውጭ ብቻ ነው የማስነካሽ። የልጅሽ ራስ ወዴት እንደዞረና የት እንደደረሰ ያሳየናል። ካመመሽ ተይ በይኝ፣ እተዋለሁ።» እኔም ነጠላዬን ጉልበቷ ላይ ጣል አደረግሁላት። «እሺ ሲስተር» አለች። ነገሩ ጥቂት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

የሕፃኑ ፊት ወደ እናቱ ሆድ ዞሮ ነበር። ምጡን ያጓተተው ይህ ሊሆን እንደሚችል ሐኪሙ ነገረን። ሕፃኑ እንዲህ መዞሩን በጣት መለየት ከባድ ነው፤ በተለይ ራሱ አብጦ ሲወርድ የራስ ቅሉ መገጣጠሚያ አይዳሰስም። እኔ በእጄ ተማምኜ ብዙ ጊዜ ተሳስቻለሁ። እንዲህ የዞሩ ሕፃናት አብዛኞቹ በምጡ መካከል ራሳቸው ይስተካከላሉ፤ የእኛም በጎን አስተኝተዋት ሲጠብቋት ዞረ። ጧት 4 ሰዓት ላይ በሰላም ወለደች።

መሣሪያው ሁሉንም ያያል እያልሁ አይደለም። የማህጸን መከፈት አሁንም በጣት ነው በደንብ የሚታወቀው፤ የእንሽርት ውኃው መቅላቱና መጥቆሩም በዓይን ነው የሚታየው። ነገር ግን የሕፃኑ ራስ ምን ያህል እንደወረደና ወዴት እንደዞረ ለማወቅ፣ በተለይም በቫኪዩም (የሕፃኑን ራስ ስቦ በሚይዘው መሣሪያ) ከመጎተት በፊት፣ ከጣት ይልቅ እሱ ይታመናል። ስለዚህም የጽንስና የማህጸን አልትራሳውንድ ሐኪሞች ዓለም አቀፍ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 በምጥ ወቅት ስለ አጠቃቀሙ መመሪያ አውጥቷል። በቱርክና በሆንግ ኮንግ የተጠየቁ እናቶችም ይህኛው ከጣቱ ምርመራ ያነሰ እንዳሳመማቸው ተናግረዋል። የኛ አገር ሴት ህመም የምትወድ ይመስል ይህን መንፈግ የለብንም።

አንድ ነገር ከልቤ ልናገር። በሥራ ዘመኔ ምጥ ላይ ላለች ሴት መጀመሪያ የምናገረው ቃል «እግርሽን ክፈቺ» ነበር። ስንቷን ሴት እንዲህ እንዳልኋት አላውቅም። ለምን እንደምነካት ለማስረዳት ግማሽ ደቂቃ ይበቃኝ ነበር። ያቺን አዋላጅ ሳያት ይህ አንገቴን አስደፋኝ።

ጎንደር እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታስተምር የኖረች ከተማ ናት። እዚህ የሚማሩ ልጆች የሕፃኑ ራስ ምን ያህል እንደወረደ የሚያሳየውን ማዕዘን በመሣሪያው መለካቱን ብቻ ሳይሆን አንሶላ ከመግለጣቸው በፊት መጠየቅንም ይማሩልን። መሣሪያውም ራጅ ክፍል ተቆልፎበት ከሚያድር ምጥ ክፍል አጠገብ ይቀመጥ። እናቶች ደግሞ ስለዚህ ምርመራ መስማት ያለባቸው ገና በክትትል ላይ ሳሉ፣ ህመም በሌለበት፣ ባልና አማትም ባሉበት ነው። በምጥ መካከል ማን አዲስ ነገር ያዳምጣል?

ገንፎ ልንበላ በተሰበሰብን ቀን ጎረቤቶቻችን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለው ከገቡ በኋላ ሁለት እርጉዞች ልጃችንን ጠጋ ብለው ስለዚያ መሣሪያ ጠየቋት። «ያማል? ወደ ውስጥ ነው?» እሷም በእጇ ከውጭ እያሳየች አስረዳቻቸው። ሁለቱም ክትትላቸውን አንድ ቀን ያላጓደሉ ናቸው፤ ይህን የሰሙት ግን በገንፎው ቀን ነው። አንደኛዋ በግንቦት፣ ሌላዋ በሰኔ ይወልዳሉ። ከዚያ በፊት አንድ አዋላጅ በዓምዳችሁ ይህን እንድታስረዳ ብታደርጉ፣ ጋዜጣውን እኔው ራሴ ወስጄ አነብላቸዋለሁ።

ጡረታ የወጣች አዋላጅ ነርስ
ከጎንደር፣ ቁስቋም