ለአጋዘን አደን «ዝግጁ» ተብሎ ስለተሸጠልኝ ቀስት የቀረበ ቅሬታ

ለአደን ቀስት አቅራቢው ድርጅት
የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ ከቀስቱ ጋር ስለማይሄዱ ፍላጻዎችና ስህተት ስለበዛበት የአደን መመሪያ

ጤና ይስጥልኝ።

ከእናንተ የገዛሁት «ለአጋዘን አደን ዝግጁ» የሚለውን ሙሉ ጥቅል ነው። ውስጡ ኮምፓውንድ (ባለ መዘውር) ቀስት፣ የካርቦን ፍላጻዎች፣ የልምምድ ጫፎች፣ ባለ ስለት የአደን ጫፎችና አንድ ትንሽ የመመሪያ መጽሐፍ አለ። በቀስቱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ሲሳብ ልስልስ ያለ ነው፤ ሲለቀቅም ድምፁ ትንሽ ነው። ቅሬታዬ ፍላጻዎቹና መጽሐፉ ላይ ነው። ፍላጻዎቹ ለአዳኙ አደገኛ ናቸው፤ መጽሐፉ ደግሞ አጋዘን አቁስሎ የሚያስቀር ነው። ይህን የምለው ለክቼ፣ ሞክሬና ከራሳችሁ ሰነድ ጋር አመሳክሬ ነው።

በፍላጻዎቹ ልጀምር። ቀስቱ የመጣልኝ የመሳቢያ ኃይሉ 65 ፓውንድ ላይ ተስተካክሎ ነው። የመሳቢያው ርዝመት 29 ኢንች ነው። ሁለቱንም በትእዛዝ ወረቀቱ ላይ ራሳችሁ ጽፋችኋል። ፍላጻዎቹ ላይ የታተመው የስፓይን ቁጥር ግን 500 ነው። ደብዳቤዬን ለሚያነበው ሠራተኛ ግልጽ እንዲሆን ላብራራው። ቁጥሩ የሚናገረው የፍላጻውን ግትርነት ነው። ፍላጻው 28 ኢንች በተራራቁ ሁለት ድጋፎች ላይ ይጋደማል። መሃሉ ላይ 880 ግራም ይንጠለጠልበታል። ከዚያ ምን ያህል እንደጎበጠ በሺህኛ ኢንች ይለካል። 500 ማለት ግማሽ ኢንች ጎበጠ ማለት ነው። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ፍላጻው ይልፈሰፈሳል። ለ65 ፓውንድና ለዚህ ርዝመት የአምራቾች ሰንጠረዥ የሚሰጠው 340 አካባቢ ነው። 500 የመሳቢያ ኃይሉ በጣም ላነሰ ቀስት ነው።

ክብደቱ ደግሞ ይብሳል። አንዱን ፍላጻ ከነጫፉ ስመዝነው 312 ግሬን (የፍላጻ ክብደት የሚለካበት ትንሽ መለኪያ) ሆነ። ከቀስቱ ጋር የመጣው የአምራቹ ሰነድ ለእያንዳንዱ ፓውንድ የመሳቢያ ኃይል ቢያንስ 5 ግሬን ያስፈልጋል ይላል። 65 በ5 ሲባዛ 325 ነው። ስለዚህ ጥቅላችሁ የራሱን ሰነድ ይጥሳል። እዚያው ሰነድ ላይ ከዚህ በታች የቀለለ ፍላጻ የተጠቀመ ሰው ዋስትናውን ያጣል ተብሏል። ምክንያቱ የታወቀ ነው። ፍላጻው ሲቀል የቀስቱን ኃይል ይዞ መሄድ አይችልም። የተረፈው ኃይል ወደ ቀስቱ ክንዶች፣ ወደ ካሞቹ (ክንዶቹ ጫፍ ላይ ወዳሉት መዘውሮች) እና ወደ አውታሩ ይመለሳል። ባዶ ቀስት ስቦ ወደመልቀቅ የሚጠጋ ጉዳት ነው። እኔ በእናንተ ምርጫ ዋስትናዬን የማጣበት ምክንያት አይታየኝም።

ችግሩ ሜዳ ላይ እንዴት እንደታየ ልንገራችሁ። በልምምድ ጫፍ 20 ሜትር ላይ ፍላጻዎቹ ደህና ይሰበሰባሉ። ኋላ ያለው ላባ የፍላጻውን መወዛወዝ መንገድ ላይ ያርመዋል፤ ስለዚህ ሰው ሁሉም ነገር የተስተካከለ ይመስለዋል። ከቅርብ በተወጠረ ወረቀት ውስጥ ስተኩስ ግን ክብ ቀዳዳ አላገኘሁም። ወደ ጎን የተቀደደ ረጅም ስንጥቅ ነው ያገኘሁት፤ ፍላጻው ከቀስቱ የሚወጣው ጠማማ ሆኖ ነው ማለት ነው። የአደኑን ጫፍ ስገጥም ፍላጻዎቹ ጭራሽ ተበታተኑ። ስለቶቹ ከፊት ሆነው አየር ስለሚይዙ፣ ጠማማ የወጣ ፍላጻ ይብስ ይጣመማል እንጂ አይቃናም።

ይህንን ለድጋፍ ሰጪ ሠራተኛችሁ ደውዬ ነገርኩት። ትሁት ሰው ነው፤ ምላሹ ግን «ማነጣጠሪያውን ትንሽ ወደ ግራ ያንቀሳቅሱት» የሚል ነበር። ማነጣጠሪያ አንድ ላይ የተሰበሰቡ ፍላጻዎችን በሙሉ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውራል። የተበተኑትን አይሰበስብም። ፍላጻዎቹ ይቀየሩልኝ ስል ደግሞ «ጥቅሉ ተከፍቷል» ተባልኩ። ሳይከፈት ስፓይኑን ማን ሊያይ ይችላል? ሳይተኮስስ ጉድለቱ እንዴት ይታወቃል?

አሁን ወደ መጽሐፉ ልለፍ። ይህ ከፍላጻው በላይ ያሳስበኛል፤ ፍላጻ ይቀየራል፣ ጀማሪ የለመደው መጥፎ ልማድ ግን በቀላሉ አይለቅም።

መጽሐፉ «የልምምድ ጫፍ የሚመታበትን የአደን ጫፍም ይመታል፤ ስለቱ እንዳይዶለዱም በአደኑ ዕለት ብቻ ግጠሙት» ይላል። ይህ ፍጹም ስህተት ነው። ማንም ሰው በሚያድንበት ጫፍ ሳይለማመድ ወደ ጫካ መግባት የለበትም። ለልምምድ አንድ ሁለት ጫፍ ለይቶ ማስቀመጥና ለአደኑ አዲስ ስለት መያዝ በቂ ነው።

ቀጥሎ «በ40 ሜትር ላይ ፍላጻዎቻችሁን አንድ ሰሃን ላይ ካሳረፋችሁ በ40 ሜትር አድኑ» ይላል። ዒላማ ቆሞ ይጠብቃል፤ አጋዘን ግን ይሰማል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከእንዲህ ያለ ቀስት የወጣ ፍላጻ ግን በሰከንድ 85 ሜትር አካባቢ ነው። በ40 ሜትር ርቀት ላይ የአውታሩ ድምፅ አጋዘኑ ጆሮ የሚደርሰው በ0.12 ሰከንድ ነው። ፍላጻው ግን ወደ ግማሽ ሰከንድ የሚጠጋ ጊዜ ይወስድበታል። ከአንድ ሦስተኛ ሰከንድ በላይ ልዩነት አለ። የደነገጠ አጋዘን ለመፈናጠር መጀመሪያ ሰውነቱን ወደታች ያጥፋል። ሳንባውን ያነጣጠረ ፍላጻ በላዩ ያልፋል፣ ወይም ከጀርባው በላይኛው ሥጋ ውስጥ ይቀራል። በ20 ሜትር ላይ ይህ ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። ብዙ ልምድ ያላቸው ቀስተኞች አጋዘን እስኪቀርብ የሚታገሡት ለዚህ ነው።

ከሁሉም ያስቆጣኝ ሥዕሉ ነው። አጋዘኑ ፊት ለፊት ቆሞ ደረቱ ላይ ቀይ ክብ ተስሎበታል። ፊት ለፊት የቆመ አጋዘን ለቀስት የሚሰጠው ቦታ ጠባብ ነው፤ ዙሪያውን አጥንት ነው። ለጀማሪ መታየት ያለበት ጎኑን የሰጠ ወይም ፊቱን ከአዳኙ ትንሽ ወዲያ አዙሮ የቆመ አጋዘን ነው። ፍላጻው ከፊት እግሩ ጀርባ፣ ከሆዱ መስመር አንድ ሦስተኛ ከፍ ብሎ ቢገባ ሁለቱንም ሳንባ ያገኛል። ዛፍ ላይ ከተሠራ የአደን ማማ ሲተኮስ ደግሞ ፍላጻው በየት በኩል እንደሚወጣ ማሰብ ያስፈልጋል። ከወገብ መጎንበስ እንጂ ክንድን ብቻ ዝቅ ማድረግ አያዋጣም፤ የተለመደው አቋም ይበላሻል። መጽሐፉ ስለ ማማ አንድ ገጽ አለው፣ ስለ ደህንነት መታጠቂያ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ሰው ከዛፍ ላይ ወድቆ ይሞታል እኮ!

«እንደመታችሁ ወዲያው ተከተሉት» የሚለውም መውጣት አለበት። ፍላጻ የሚገድለው ደም በማፍሰስ ነው፤ ጊዜ ይፈልጋል። ሳንባው የተመታ አጋዘን ብዙ ሳይርቅ ይወድቃል፣ ያም ሆኖ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ደግ ነው። አንጀቱ የተመታ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። ፍላጻው ላይ አረንጓዴ ነገርና መጥፎ ሽታ ይገኛል። እንዲህ ያለው ካልተረበሸ ቅርብ ቦታ ሄዶ ይተኛል። ወዲያው የተከተሉት እንደሆነ ግን ተነስቶ ይሮጣል። ደሙ ይደርቃል፣ ዱካው ይጠፋል፣ እንስሳውም ተሰቃይቶ ማንም ሳያገኘው ይሞታል። ለብዙ ሰዓት መጠበቅ እንዳለበት ማንም ያልነገረው ጀማሪ በእናንተ መጽሐፍ ተመርቶ ይህን ያደርጋል።

በቀን 100 ፍላጻ ተኩሱ የሚለውም አያስኬድም። የደከመ ትከሻ የሚለማመደው ስህተትን ነው። ጥቂት ፍላጻ በጥሞና፣ ተቀምጦም፣ የአደን ልብስ ለብሶም ቢተኮስ ይሻላል። ሌላው የጎደለ ነገር፣ የካርቦን ፍላጻ ከመተኮሱ በፊት በእጅ ጎበጥ ተደርጎ ስንጥቅ መፈተሽ እንዳለበት አለመጻፉ ነው። የተሰነጠቀ ካርቦን ሲለቀቅ ተሰባብሮ ቀስት የያዘውን እጅ ሊወጋ ይችላል።

የምጠይቀው ይህንን ነው። ፍላጻዎቹ ለ65 ፓውንድና ለ29 ኢንች በሚመጥን ግትርነትና ክብደት ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይቀየሩልኝ። የቀስቱ ክንዶች፣ ካሞችና አውታር በባለሙያ ይታዩልኝ፤ ዋስትናው እንደጸናም በጽሑፍ አረጋግጡልኝ። ይህንኑ ጥቅል ለገዙ ሁሉ እነዚህን ፍላጻዎች እንዳይተኩሱ አሳውቋቸው። ይህ የእኔ ፍላጻ ከመቀየሩ በፊት ቢሆን እመርጣለሁ። መጽሐፉም እስኪታረም ድረስ ከጥቅሉ ይውጣ፤ ሲታረምም በቀስት አጋዘን ያደነ ሰው ያንብበው።

የሚዛኑን፣ የተቀደደውን ወረቀትና የስፓይን ቁጥሩን ፎቶ አያይዣለሁ። ከመጽሐፉ የጠቀስኳቸውን ገጾችም ጨምሬአለሁ። የአደን ወቅት ሊከፈት ስለሆነ መልሳችሁን በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እጠብቃለሁ። በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ ይሁንልኝ።

ከአክብሮት ጋር
ደንበኛችሁ