ለጽዳት በገባ የጌም ኮምፒውተር ላይ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ስለተጫነ ዊንዶውስ 11 የቀረበ ቅሬታ

ቀን፦ ታኅሣሥ 6 ቀን 2018 ዓ.ም.
ድሬዳዋ

በከዚራ ለሚገኘው የኮምፒውተር ሽያጭና ጥገና ድርጅት
ለሥራ አስኪያጁ

ጉዳዩ፦ ያለ ፈቃዴ የተደረገው የዊንዶውስ ቅየራ ያስከተለብኝ ጉዳት እንዲታረምልኝ ስለመጠየቅ

ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ በኅዳር ወር አጋማሽ ዴስክቶፕ ኮምፒውተሬን ወደ ድርጅታችሁ ያመጣሁት ውስጡ የተጠራቀመው አቧራ እንዲጸዳና የፕሮሰሰሩ ፔስት (ሙቀቱን ወደ ማቀዝቀዣው የሚያስተላልፈው ቅባት) እንዲቀየር ብቻ ነበር። የድሬዳዋን ሙቀትና ከደቻቱ አሸዋ የሚነሳውን አቧራ ለሚያውቅ ሰው ይህ የተለመደ ሥራ ነው። በመቀበያ ወረቀቱ ላይ በእናንተው ሠራተኛ እጅ የተጻፈው «ጽዳት እና ፔስት» የሚል ሲሆን፣ የተስማማንበት ዋጋም 800 ብር ነበር። ዕቃዬን ልረከብ ስመጣ ግን ሒሳቡ 1,500 ብር መሆኑ ተነገረኝ። ምክንያቱን ስጠይቅ የሠራው ወጣት ባለሙያ «አቦ፣ 10 እኮ ሞቷል! ለጌም የሚሆነው 11 ነው፤ ወላሂ እንደ አዲስ ነው ያደረግኩልህ» አለኝ። ወጣቱ በቅንነት እንዳደረገው አልጠራጠርም። ቅሬታዬ ድርጅቱ የእኔ የሆነውን ውሳኔ እኔን ሳያማክር በመወሰኑና ውሳኔውንም በተሳሳተ መንገድ በመፈጸሙ ላይ ነው።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማቆሙ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ድጋፉ ያበቃለት ሥርዓት በማግስቱ መሥራት አያቆምም፤ ከዚህም በላይ ኩባንያው ለግል ተጠቃሚዎች የደኅንነት ማሻሻያው እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚቀጥልበትን የተራዘመ ድጋፍ ከፍቷል። ወደዚህ ድጋፍ ለመግባት የዊንዶውስ 10 የመጨረሻ እትም የሆነውን 22ኤች2 መያዝና በማይክሮሶፍት አካውንት መግባት ያስፈልጋል፤ የኮምፒውተሩን ቅንብሮች በአካውንቱ በኩል ያስቀመጠ ሰው ያለ ክፍያ ሲገባ፣ ይህን ያልፈለገ ደግሞ 1,000 የማይክሮሶፍት የሽልማት ነጥብ ወይም 30 ዶላር ይጠየቃል። እኔና ታናሽ ወንድሜም ጉዳዩን በደንብ ተነጋግረንበት እስከዚያው ድረስ በ10 ለመቆየት ወስነን ነበር። የእናንተ ባለሙያ አንድ ስልክ ደውሎ ቢጠይቀኝ ኖሮ ይህንኑ እነግረው ነበር።

ውሳኔያችን ከስንፍና የመጣ አልነበረም። «ለጌም የሚሆነው 11 ነው» የሚለው አባባል በየትኛው ማሽን ላይ እንደሆነ ካልተጠየቀ ትርጉም የለውም። ዊንዶውስ 11 ከ10 የሚሻልባቸው ነገሮች በእርግጥ አሉ። ባለ ሁለት ዓይነት ኮር (ሥራውን የሚሠራ የፕሮሰሰር ክፍል) ለሆኑት ከ12ኛው ትውልድ ወዲህ ላሉ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ሥራ ማከፋፈል በተሻለ ያውቅበታል፤ የቆዩ ጌሞችን በኤችዲአር (ሰፊ የብርሃንና የቀለም ልዩነት በሚያሳይ) ስክሪን ላይ በራሱ አድምቆ ያሳያል፤ ጌም ከኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ (በጣም ፈጣን ማከማቻ) ላይ ሲጫንም የማከማቻ አሠራሩ የተሻሻለ ነው። የእኔ ኮምፒውተር ግን ኮር አይ5-7400 ፕሮሰሰር፣ ጂቲኤክስ 1060 ግራፊክስ ካርድና ተራ የሳታ ኤስኤስዲ ያለው ነው። ፕሮሰሰሩ የ7ኛው ትውልድ ሆኖ አራቱም ኮሮቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ስክሪኔም ኤችዲአር አያውቅም። ለግራፊክስ ካርዱ ቢሆን ኤንቪዲያ ለዚያ ትውልድ ካርዶች ለአዳዲስ ጌሞች የሚያወጣውን ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራ ፕሮግራም) እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 አቁሞ እስከ ኦክቶበር 2028 የደኅንነት ማሻሻያ ብቻ እንደሚሰጥ አስታውቋል፤ ስለዚህ 10 ላይ ብሆን 11 ላይ ብሆን ካርዱ የሚያገኘው ያው ነው። ባጭሩ፣ ለጌም ሲባል የተደረገልኝ ቅየራ ለጌም የጨመረልኝ አንድም ነገር የለም።

የቀነሰብኝ ግን ብዙ ነው። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከኢንቴል በኩል በመሠረቱ ከ8ኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉትን ፕሮሰሰሮች ሲሆን፣ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ክፍልና ሴኪዩር ቡትን (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ያልታመነ ፕሮግራም እንዳይገባ የሚከለክለውን) ማስኬድ የሚችል ማዘርቦርድም ይፈልጋል። ባለሙያችሁ የመጫኛውን ፍተሻ አልፎ በሚሄድ ፍላሽ ነው የጫነው። ማይክሮሶፍት ደግሞ መስፈርቱን በማያሟላ ማሽን ላይ ለተጫነ ዊንዶውስ 11 የደኅንነት ማሻሻያን ጨምሮ ማሻሻያ የማግኘት ዋስትና እንደማይሰጥ በግልጽ ጽፏል፤ በየዓመቱ የሚወጣው አዲስ እትምም እንዲህ ባለው ኮምፒውተር ላይ በራሱ አይመጣም፤ በእጅ ማውረድና ፍተሻውን እንደገና ማለፍ ይጠይቃል። ማሻሻያ ቀርቶበታል ከተባለ ሥርዓት አውጥታችሁ፣ ማሻሻያ ሊመጣም ላይመጣም ወደሚችልበት አስገብታችሁኛል ማለት ነው።

ቤት ወስጄ ቫሎራንትን እንደገና ጭኜ ስከፍት ጌሙ ገና ሳይነሳ «ቫን 9001» የሚል የስህተት መልእክት መጣ። የዚህ ጌም ጸረ ማጭበርበሪያ ፕሮግራም በዊንዶውስ 11 ላይ ቲፒኤም 2.0 እና ሴኪዩር ቡት ሁለቱም በርተው ካላገኘ አያስገባም፤ በ10 ሳለሁ ይህን ጠይቆኝ አያውቅም። ምክንያቱን ለማወቅ ሲስተም ኢንፎርሜሽን የሚለውን መስኮት ከፍቼ አየሁ። ባዮስ ሞድ (ኮምፒውተሩ የሚነሳበት መንገድ) በሚለው ረድፍ ትይዩ «ሌጋሲ» (አሮጌው መንገድ)፣ ሴኪዩር ቡት በሚለው ትይዩ ደግሞ «አይደገፍም» ይላል። ማዘርቦርዱ ዩኢኤፍአይ (አዲሱ የአነሳስ መንገድ) ያለው ነው፤ የኢንቴል ቲፒኤምም በባዮሱ (በማዘርቦርዱ ማስነሻ ፕሮግራም) ውስጥ ጠፍቶ ተቀምጧል እንጂ አለ። ባለሙያው ግን ዲስኩን በአሮጌው የኤምቢአር አከፋፈል ከፋፍሎ በሌጋሲ ሞድ ስለጫነው፣ በዚህ ሁኔታ ላይ እያለ ሴኪዩር ቡትን ማብራት ፈጽሞ አይቻልም። እንግዲህ 11ን ለመጫን ከተቆረጠ ቢያንስ 11 በሚፈልገው መንገድ መጫን አልነበረበትም ወይ? ባትልፊልድ 6ን የመሰሉ አዳዲስ ጌሞች ያለ ሴኪዩር ቡት የማይነሱ በመሆናቸው፣ የጌም ኮምፒውተር እጠግናለሁ የሚል ድርጅት ይህን ከደንበኛው ቀድሞ ማወቅ ይጠበቅበታል።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነገጠኝ ግን ቀጥሎ ያየሁት ነው። ኮምፒውተሩ ሲገዛ ሕጋዊ የዊንዶውስ 10 ሆም ፈቃድ ነበረው። ይህ ፈቃድ ከማዘርቦርዱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ የተጫነው ዊንዶውስ 11 ሆም ቢሆን ኖሮ ከኢንተርኔት ጋር በተገናኘ ጊዜ በራሱ አክቲቬት ይሆን ነበር። ባለሙያችሁ ግን ፕሮ የተባለውን እትም ጫነና ፈቃድ ሲያጣለት በክራክ (ያለ ፈቃድ በሚያሠራ ሕገወጥ ፕሮግራም) አክቲቬት አደረገው። ክራኩ እንዳይያዝበትም የዊንዶውሱን ጸረ ቫይረስ የዲፌንደርን የቀጥታ ጥበቃ አጥፍቶ፣ ከፍተሻ ነጻ በሚደረጉት ዝርዝር ውስጥ ሲ ድራይቭን እንዳለ አስገብቶታል። ዝርዝሩን ስከፍተው ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ እሱም ዊንዶውሱ ራሱ ያለበት ሙሉ ድራይቭ ነው። በዚህ ኮምፒውተር በስቲም (በኢንተርኔት የጌም መደብር) በገንዘብ የተገዙ ጌሞች ያሉበት አካውንት ይከፈታል፤ የወንድሜ የዩኒቨርሲቲ ኢሜይልም እንዲሁ። ለደኅንነት ሲባል ከ10 ወደ 11 ተሻገርኩ ተብዬ የቤቱ በር ከነማጠፊያው ተነቅሎ ጠበቀኝ። የይለፍ ቃሎቻችንን በሙሉ ከሌላ መሣሪያ ላይ ሆነን ለመቀየር ተገደናል።

ሲ ድራይቭ ፎርማት በመደረጉ በውስጡ የነበረው ሁሉ ጠፍቷል። ባለሙያው «ካልወደድከው እስከ 10 ቀን መመለስ ይቻላል» ቢለኝም፣ ያ አሠራር የሚያገለግለው አሮጌው ዊንዶውስ ሳይጠፋ በላዩ ላይ ማሻሻያ ሲደረግ ነው፤ ዲስኩ ከተደመሰሰ በኋላ የሚመለስበት ነገር የለም። አዳዲሶቹ ጌሞች የደረሱበትን ደረጃ ኢንተርኔት ላይ ያስቀምጣሉ፤ የቆዩት ብዙዎቹ ግን የሚያስቀምጡት በዚያው በዶክመንትስ ፎልደር ውስጥ ነው። የወንድሜ የረጅም ጊዜ ጨዋታ በዚያው ቀርቷል። ጌሞቹን እንደገና ማውረድም በእኛ አገር ቀላል ወጪ አይደለም፦ ጂቲኤ 5 ብቻውን ከ100 ጊጋባይት በላይ ሲሆን፣ በሞባይል ዳታ ለሚጠቀም ቤተሰብ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። (የምሽቱ ኔትወርክ ነገር የእናንተ ጥፋት ስላልሆነ እዚህ አላነሳውም።)

ዊንዶውስ 11ን እንደማልቃወም እንድትረዱልኝ እፈልጋለሁ። በቅርቡ አዲስ ላፕቶፕ የገዛ የሥራ ባልደረባዬ 11ን ትቶ 10 ሊያስጭን ሲል የከለከልኩት እኔ ነኝ፤ ለእሱ ማሽን ትክክለኛው 11 ነበርና። የእኔም ኮምፒውተር አንድ ቀን መቀየሩ አይቀርም፤ የሚቀየረው ግን ከነማዘርቦርዱና ከነፕሮሰሰሩ፣ ገንዘቡን አዘጋጅቼ፣ በመረጥኩት ጊዜ ነው።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ወይም አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። እኔ ያልጠየቅሁት አገልግሎት ተሰጥቶኝ፣ ምን እንደተደረገ ሳይነገረኝ፣ ተጨማሪውን 700 ብር ያለ ደረሰኝ ከፍያለሁ። ስለሆነም ድርጅቱ በራሱ ወጪ ዊንዶውስ 10 ሆም 22ኤች2ን በዩኢኤፍአይ ሞድና በአዲሱ የጂፒቲ የዲስክ አከፋፈል፣ ቲፒኤሙን በባዮስ ውስጥ አብርቶ፣ ያለ ምንም ክራክ በነበረኝ ሕጋዊ ፈቃድ እንዲጭንልኝ እጠይቃለሁ። ወደ ተራዘመው ድጋፍ የማስገባቱን ሥራ በራሴ አካውንት እኔው እፈጽማለሁ። ያለ ስምምነት የተወሰደብኝ 700 ብር እንዲመለስልኝና ለከፈልኩት 800 ብር ሕጋዊ ደረሰኝ እንዲቆረጥልኝም እጠይቃለሁ። የጠፉት ፋይሎች ዋጋ በብር ስለማይተመን በዚያ ላይ ካሳ አልጠየቅሁም፤ ነገር ግን ዲስኩን በፋይል ማግኛ ፕሮግራም መሞከር የሚቻል ከሆነ፣ ተጨማሪ ነገር ሳይጻፍበት በፊት እኔ ባለሁበት እንዲሞከርልኝ እፈልጋለሁ። በዚሁ ምክንያት ከቫሎራንት በቀር ሌሎቹን ጌሞች እስካሁን መልሼ አላወረድኩም፤ ኮምፒውተሩም ተዘግቶ ተቀምጧል።

ወደፊትም የመቀበያ ወረቀታችሁ ላይ «ዊንዶውስ ይቀየር? ዲስክ ፎርማት ይደረግ?» የሚል በደንበኛው የሚፈረም መስመር ቢጨመርበት ጥሩ ነው፤ ከእኔ በኋላ ወረፋ ይዘው ያየኋቸው አንዲት እናት የልጃቸውን ኮምፒውተር ያመጡት ለኪቦርድ ነበር።

ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ምላሽ እንድትሰጡኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። በዚህ ጊዜ ውስጥ መፍትሔ ካላገኘሁ ቅሬታዬን ከማስረጃዎቹ ጋር የሸማቾችን ጉዳይ ለሚመለከተው የአስተዳደሩ የንግድ መሥሪያ ቤት ለማቅረብ እገደዳለሁ። ስሜና ስልክ ቁጥሬ በመቀበያ ወረቀቱ ላይ ተመዝግቧል፤ ኮምፒውተሩን ከሳቢያን ለማምጣት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይመቸኛል።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ

አባሪ፦ የመቀበያ ወረቀቱ ቅጂ፤ የስህተት መልእክቱን፣ የሲስተም ኢንፎርሜሽን መስኮቱንና የዲፌንደር ዝርዝሩን የሚያሳዩ ፎቶዎች