ለጦማሪዎች የተሰጠው ምክር አልተዋጠልኝም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ ላይ ጦማር ለሚጽፉ ሰዎች ያቀረባችሁትን ምክር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩት። በየቀኑ ጻፉ፣ ርዕሱ የሚያስደነግጥ ይሁን፣ ሊንኩን ባገኛችሁት ቡድን ሁሉ በትኑት፣ ተከታይ በአጭር ጊዜ ይጎርፋል የሚል ነው ጭብጡ። ጸሐፊው በቅን ልብ እንደጻፉት አልጠራጠርም። ይሁንና ይህን ምክር አምኖ የሚነሣ ጀማሪ ጥቂት ወራት ሮጦ፣ ደክሞት፣ ብዕሩን እንደሚጥል ስለማውቅ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

እኔ የልብስ ስፌት መኪና ጠጋኝ ነኝ። ጦማሬም ከሙያዬ አይወጣም፤ ክር ለምን እንደሚበጠስ፣ መርፌ ለምን እንደሚሰበር፣ ዘይት የት የት እንደሚደረግ፣ ይህንኑ ነው የምጽፈው። መጀመሪያ ላይ ከዘመድና ከወዳጅ በቀር የሚያነበው አልነበረም። ዛሬ በአካል አይቻቸው የማላውቅ ሰዎች በየዕለቱ ይገቡበታል፣ ጥያቄ ይልካሉ፣ መኪናቸው ሲስተካከልላቸው ተመልሰው ያበስሩኛል። ይህ የመጣው ዓምዳችሁ ባመለከተው መንገድ አይደለም።

ከጻፍኳቸው ሁሉ አንባቢ አጥቶ የማያውቅ አንድ ጽሑፍ አለ። ርዕሱ «ክሩ ከጨርቁ ሥር እየተቋጠረ ሲያስቸግር» የሚል ነው። ይህ ችግር የገጠመው ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው የታችኛውን ክር ነው፤ ውጥንቅጡ የሚታየው ከሥር ነውና። ስለዚህ ቦቢኑን፣ ማለትም የታችኛው ክር የተጠቀለለበትን ትንሽ ማጠንጠኛ፣ አውጥቶ ያጸዳል፣ የቦቢኑን ቤት ትንሽ ብሎን ያጠብቃል፣ መልሶ ያላላል፣ ነገሩም ይብስበታል። ጥፋቱ ግን ብዙውን ጊዜ ከላይ ነው። የላይኛው ክር ቆንጠጥ አድርገው በሚይዙት ዝርግ ክብ ብረቶች መካከል ያልፋል። ጨርቁን የሚጫነው እግር ሲነሣ ብረቶቹ ይላቀቃሉ፣ ሲወርድ ይገጥማሉ። እግሩ ወርዶ ሳለ ክር ያስገቡ እንደሆነ ክሩ በብረቶቹ መካከል በደንብ አይገባም፤ የሚይዘው ስለሌለም ያለ ልክ እየተለቀቀ ከጨርቁ በታች ይከመራል። መፍትሔው እግሩን አንሥቶ ክሩን ከመጀመሪያው እንደገና ማስገባት ነው። ለዚህ ጽሑፍ ሁለት ፎቶዎች ብቻ አነሣሁ፤ አንዱ እግሩ ወርዶ፣ ሌላው እግሩ ተነሥቶ፣ ክሩ የሚገባበት ስንጥቅ ጎልቶ እንዲታይ በነጩ መኪና ላይ ቀይ ክር አድርጌ።

ይህ ጽሑፍ ለምን አንባቢ አገኘ? ርዕሱ ችግሩ የደረሰበት ሰው በሚናገረው ቃል ስለተጻፈ ነው። «የላይኛው ክር ውጥረት አስተካከል» ብዬው ቢሆን ኖሮ ማንም አያገኘውም ነበር፤ ይህን አጠራር የሚያውቅ ሰው እኔን ምን ያደርግልኛል ብሎ ይመጣል? ሰው ጉግል ላይ የሚጽፈው ያስጨነቀውን ነገር ነው፤ የባለሙያውን ስያሜ የሚያውቀው መልሱን ካገኘ በኋላ ነው። ስለዚህ ደንበኛ መኪናውን ይዞ ሲመጣ የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገሩን ሳላርም በደብተሬ እጽፋታለሁ። «መርፌው ይወጋል ግን አይሰፋም።» «ወደፊት አልሄድ ብሎ አንድ ቦታ ላይ ይረግጣል።» ከእነዚህ የተሻለ ርዕስ ተቀምጬ ባስብ አላመጣም።

ደብተሬን የሚያግዘኝ ሌላም መሣሪያ አለ። ጉግል ሰርች ኮንሶል የሚባለው አገልግሎት ያለ ክፍያ የሚሰጥ ነው፤ ጦማራችሁን ካስመዘገባችሁት ሰዎች ምን ብለው ሲፈልጉ እናንተ ዘንድ እንደደረሱ ያሳያችኋል። አንድ ጊዜ በዝርዝሩ ውስጥ ጂንስ ላይ ስፌት ይዘላል የሚል ፍለጋ ተደጋግሞ አየሁ። ስለ መርፌ በጻፍኩት ላይ ጉዳዩ በአንዲት መስመር ብቻ ተጠቅሶ ነበር። ሰዎቹ ለዚያች መስመር መጥተው መሄዳቸው ቆጨኝና ለብቻው ጻፍኩት፤ የደነዘዘ መርፌ እንዴት እንደሚለይ፣ ለጂንስ ቁጥር 100/16 የሆነው መርፌ ለምን እንደሚመረጥ፣ መርፌው ወደ ላይ ተገፍቶ እስከ መጨረሻው ካልገባ ምን እንደሚሆን። ዓምዳችሁ ስለዚህ መሣሪያ አንድ ቃል እንኳ አለማንሣቱ ገርሞኛል፤ ለጀማሪ ከሚነገረው ሁሉ ቀዳሚው መሆን ነበረበት።

በየቀኑ ጻፉ የሚለውንም አልቀበለውም። ጋዜጣ የዕለቱን ነገር በዕለቱ ማድረስ ግዴታው ነው፤ የእኔ አንባቢ ግን መኪናው የሚቆምበትን ቀን መርጦ አይመጣም። ሦስት ዓመት ያለፈው ጽሑፍ ዛሬ ማታ ለአንድ ሰው አዲስ ነው። ስለዚህ አዲስ ከምጽፍበት ጊዜ የማይተናነሰውን አሮጌውን በማደስ አሳልፋለሁ። አንባቢ ያልገባውን አንቀጽ እንደገና እጽፈዋለሁ፣ የደበዘዘውን ፎቶ እለውጣለሁ፣ የተሻሻለበትን ቀን ከላይ አኖራለሁ። በየቀኑ የሚጽፍ ሰው ለዚህ ጊዜ ከየት ያመጣል? ማንም መልሶ የማያነበው ነገር ሲጽፍ ይውላል እንጂ።

ስለሚያስደነግጥ ርዕስ ብዙ አልልም። ደንግጦ የገባ ሰው የተባለውን ሳያገኝ ሲቀር ይወጣል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ስሜን ሲያይ ያልፈኛል። ያ ሰው ዳግመኛ አይገኝም።

ዋናው ቅሬታዬ ግን ምክሩ ጦማሪውን ሙሉ በሙሉ በማኅበራዊ መገናኛዎች ላይ እንዲደገፍ ማድረጉ ነው። ያለፈውን ማስታወስ ይጠቅማል። ጉግል ሪደር የሚባል፣ ሰዎች የሚወዷቸውን ጦማሮች አዳዲስ ጽሑፎች በአንድ ቦታ የሚያነቡበት አገልግሎት ነበር። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2013 ተዘጋ፤ በእርሱ በኩል የሚያነቡ ሰዎች ሁሉ ሌላ መንገድ መፈለግ ግድ ሆነባቸው። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ደግሞ ፌስቡክ ከገጾች ይልቅ የጓደኛና የቤተሰብ መልእክቶችን አስቀድሞ እንደሚያሳይ አስታወቀ። ገጻቸውን ዓመታት ደክመው ያሳደጉ ጸሐፊዎች የለፉበት ነገር በሌላ ሰው ውሳኔ ሲቀንስ ቆመው ከማየት በቀር የሚያደርጉት አልነበራቸውም። በኪራይ ግቢ ዛፍ እንደ መትከል ነው፤ ጥላው ያንተ የሚሆነው አከራዩ እስከፈቀደ ድረስ ነው።

በማኅበራዊ መገናኛ አትጠቀሙ ማለቴ አይደለም። እኔም እጠቀማለሁ። ጽሑፉ ግን መኖር ያለበት በራስ አድራሻ ነው። ዎርድፕሬስ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ማንም በነጻ ወስዶ የሚጠቀምበት የጦማር መሥሪያ ፕሮግራም ነው፤ ጦማሬን በኢንተርኔት ላይ የሚያኖርልኝ ኩባንያ ባይመቸኝ ጽሑፎቼን ጠቅልዬ ወደ ሌላ እወስዳለሁ፣ አድራሻዬም አይለወጥም። ከዚያ ቀጥሎ የሚያስፈልገው አንባቢው ፈቅዶ የሚሰጠው የኢሜይል አድራሻ ነው። በእያንዳንዱ ጽሑፍ ግርጌ «አዲስ ስጽፍ እንዲደርስዎ ከፈለጉ» የምትል አንዲት መስመር አለችኝ። በእርሷ በኩል የተመዘገቡት ብዙ አይደሉም፤ ግን የላክሁትን የሚከፍቱት፣ መልስ የሚጽፉልኝ፣ ለጎረቤታቸው የሚያስተላልፉት እነርሱ ናቸው። ጥያቄ የሚያነሡልኝም እነርሱ ስለሆኑ የሚቀጥለውን ጽሑፍ ርዕስ የሚሰጡኝ ራሳቸው ናቸው ማለት ይቻላል።

በአማርኛ ለምንጽፍ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለብን። ቃላችን እንደ ጸሐፊው በሁለትና በሦስት ዓይነት ፊደል ይጻፋል፤ «ሥራ» የሚል አለ፣ «ስራ» የሚል አለ፤ «ጸጉር» የሚል አለ፣ «ፀጉር» የሚል አለ። ለኮምፒውተር እነዚህ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። የፍለጋው ፕሮግራም አንዳንዴ ያቀራርባቸዋል፣ አንዳንዴ ግን አያቀራርባቸውም። እኔ በርዕሱ ላይ ትክክለኛ ነው የምለውን አጻጻፍ እይዛለሁ፤ ሰዎች አዘውትረው የሚጽፉት ሌላ ከሆነ ግን ያንንም በጽሑፉ ውስጥ፣ የደንበኛን አባባል በጠቀስኩበት ቦታ፣ እንዳለ እተወዋለሁ። የሰዋስው መምህራን ይቀየሙኝ ይሆናል። ጽሑፉን ፎቶ አድርገው የሚለጥፉ ሰዎች ደግሞ ጨርሶ ያሳዝኑኛል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው፣ የዓለም ፊደላት በየኮምፒውተሩ በአንድ ዓይነት እንዲነበቡ በሚያደርገው ሥርዓት ውስጥ ገብቶልናል፤ ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ፕሮግራም የራሱ አሠራር ስለነበረው በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ይሆን ነበር። ይህን ያህል ተለፍቶ የተገኘውን ትቶ ቃላትን በምስል ውስጥ መቅበር ጽሑፉን ከፈላጊ ዓይን መሰወር ነው።

ቁልፍ ቃላትን በገጹ ስውር ክፍል መደርደር ያላችሁት ደግሞ ጊዜው ያለፈበት ነው። ጉግል ያንን ክፍል ለደረጃ አሰጣጥ እንደማይጠቀምበት እ.ኤ.አ. በ2009 በይፋ ተናግሯል፤ ለዚህ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካለ አትክፈሉት። ተከታይ መግዛትም እንዲሁ ነው፤ የተገዛ ቁጥር አያነብም። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ፎቶ ማሳነስን ብትመክሩ በጠቀማችሁ ነበር። ከስልክ የወጣ ፎቶ ብዙ ሜጋባይት ይሆናል፤ ወደ ጥቂት መቶ ኪሎባይት ተቀንሶ እንኳ የመርፌው ቀዳዳ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ገጹ እስኪከፈት የሚጠብቅ ሰው፣ በተለይ እጁ ላይ የተበላሸ መኪና እያለ፣ ትዕግሥቱ አጭር ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ምክራችሁ ሌላውን ጦማሪ እንደ ተፎካካሪ ያያል። የጉግል መሥራቾች እ.ኤ.አ. በ1998 ይዘውት የተነሡት ሐሳብ አንድ ገጽ ወደ ሌላው ሲያመለክት እንደ ምስክርነት ይቆጠራል የሚል ነበር፤ ዛሬም እንዲህ ያለው ሊንክ ዋጋውን አላጣም። እኔ ልብስ መቁረጥ አላውቅም። የሚያውቁ ሴቶች ይጽፋሉ፤ አንባቢዬ ስለ ቁርጥ ሲጠይቀኝ ወደ እነርሱ እመራዋለሁ። እነርሱም መኪና ሲበላሽ ወደ እኔ ይልካሉ። በዚህ መንገድ የመጣ አንባቢ አምኖ የመጣ ስለሆነ ቁጭ ብሎ ያነባል።

ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። የክሩን ጽሑፌን አንድ ሰው ከእነ ፎቶዎቹ ወስዶ፣ ስሜን አጥፍቶ፣ በራሱ ቻናል ላይ አውጥቶታል። ብዙ ሰው አነበበው፤ ጥያቄ ያላቸው ግን የጻፈውን ሰው ማግኘት አልቻሉም። ለቀዳው ሰው በጻፍኩለት ጊዜ ጋዜጦችም እንዲሁ ያደርጋሉ ብሎ መለሰልኝ። ይህን መልስ ትክክል አይደለም ማለት የምችለው እናንተ ስታግዙኝ ነው። ከጦማር አንድ አንቀጽ እንኳ ስትጠቅሱ የጸሐፊውን ስምና ሙሉ አድራሻውን አትሙ፤ በኢንተርኔት እትማችሁ ላይ ደግሞ ሲጫኑት የሚከፈት አድርጉት። በዚያው ዓምድ ስለ ሰርች ኮንሶልና ስለ ኢሜይል ዝርዝር አንድ ጽሑፍ ብታክሉበት ደግሞ፣ የቀደመውን ምክር ያነበቡ ጀማሪዎች ሳይደክሙ ይደርስላቸዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የስፌት መኪና ጠጋኝ