ጮቄን ለመውጣት አትጣደፉ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ከአዲስ አበባ ተነስተው የአባይን በረሃ ተሻግረው በዚያው ቀን የጎጃሙ ጮቄ ተራራ ላይ ለማደር የሚጣደፉ እንግዶች ያሳስቡናል። ከአባይ ድልድይ እስከ ተራራው አናት ከፍታው 3,000 ሜትር ገደማ ይጨምራል፤ አየሩም እየሳሳ ይሄዳል። ራስ ምታቱና ማቅለሽለሹ የሚመጣው ከዚህ ነው። አስጎብኚዎች ደብረ ማርቆስ ላይ ቢያንስ አንድ፣ ቢቻል ሁለት ሌሊት ያሳድሩ። ሰው ሲራመድ ከተንገዳገደ ወይም ቁጭ ብሎም ትንፋሽ ካጠረው ወዲያው ቁልቁል ይውረድ፤ እስኪነጋ መጠበቅ ሕይወት ያስከፍላል። በጥቅምትና በኅዳር ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ሌሊቱ ግን ውርጭ ስለሆነ ወፍራም ልብስ የግድ ነው። ለቀን ጉዞ በነፍስ ወከፍ 3 ሊትር ውኃ ይያዝ። አደራ፣ ጅብራውን አትቁረጡ! በዕድሜው አንዴ ብቻ አብቦ የሚደርቅ ተክል ነውና ዘሩ ሳይበተን ከተቆረጠ ተተኪ አይኖረውም።

ከደብረ ማርቆስ