ጉዳዩ፦ ልጆቻችን የሚጠቀሙበትን የቤት ኮምፒውተር ከሃከርና ከሰላይ ስለመጠበቅ

ድሬዳዋ፣ ጥር 2018 ዓ.ም.

ለተከበራችሁ የተማሪዎቻችን ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ይህ ደብዳቤ ስለ ክፍያም ስለ ዩኒፎርምም አይደለም። የልጃችሁ ቦርሳ ውስጥ እንዳይቀር፣ እባካችሁ ቁጭ ብላችሁ አንብቡልኝ።

ባለፈው ወር አንዲት እናት ቢሮዬ መጡ። ላፕቶፕ በነጠላቸው ጠቅልለው ይዘዋል። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡትና "ዳይሬክተር፣ ይሄ ነገር ከዘመዶቼ አጣላኝ" አሉኝ። ከከዚራ እስከ ሳቢያን ያሉ ዘመዶቻቸው፣ ጅቡቲ ያሉት እህታቸው ሳይቀሩ፣ ከእሳቸው ቴሌግራም መልእክት ደርሷቸዋል። "ሆስፒታል ነኝ። ስልኬ አይሠራም። በዚህ ቁጥር 8 ሺህ ብር በቴሌብር ላኩልኝ፣ ማታ እመልሳለሁ" ይላል። ሦስት ሰዎች ላኩ። ብሩ የገባው እሳቸው ጨርሶ የማያውቁት ሰው ጋ ነው። በዚያ ሰዓት እሳቸው ቀፊራ ገበያ ቲማቲም እየመረጡ ነበር።

"ስልኬን ማንም አልነካም፣ ኮድም ለማንም አልሰጠሁም" አሉ። እውነታቸውን ነው። የተሰረቁት በስልካቸው በኩል ሳይሆን በላፕቶፑ በኩል ነው።

ልጃቸውን አስጠራሁት። መጀመሪያ ዝም አለ። ውሃ ሰጥቼው ትንሽ ጠበቅሁ። "ቲቸር፣ ጌም ላወርድ ብዬ ነው" አለ። የእግር ኳስ ጌም ነው፣ ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ያለ ክፍያ እንዲሠራ መቆለፊያው የተሰበረ፣ ከአንድ የቴሌግራም ቻናል ያገኘው። ከፋይሉ ጋር አንድ መመሪያ አብሮ መጥቷል፦ ከመጫንህ በፊት አንቲቫይረሱን አጥፋ። አጠፋው። ጫነው። አንድ ጥቁር መስኮት ብልጭ ብሎ ጠፋ። ጌሙ ግን አልከፈተም። ልጁ የሆነ ነገር እንደተበላሸ ያኔውኑ ገብቶታል። ለማንም አልተናገረም። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ዝም አለ።

በዚያች ብልጭታ የሆነውን ልንገራችሁ። ፕሮግራሙ ክሮም ላይ ሴቭ የተደረጉትን ፓስወርዶች በሙሉ ሰበሰበ። እናትየው ከእህታቸው ጋር በሰፊ ስክሪን ለማውራት ብለው ላፕቶፑ ላይ ቴሌግራም ከፍተው ነበር። የእሱንም ፋይል ገልብጦ ላከ። ያን ፋይል የያዘ ሰው ኮድ አይጠየቅም። የቤታችሁን ቁልፍ አስቀርጾ እንደያዘ ሰው ነው፣ ሳያንኳኳ ይገባል።

"ለምን አልተናገርክም?" ስለው "ላፕቶፑን ይቀሙኛል ብዬ" አለኝ። ለእናንተ ለመጻፍ የቆረጥኩት ይህን መልስ ከሰማሁ በኋላ ነው። ሃከር ሲባል ብዙዎቻችን ሩቅ አገር ተቀምጦ ግድግዳ የሚሰብር ሊቅ ይመስለናል። እኔ እስካሁን ያየሁት ግን አብዛኛውን ጊዜ በሩ የሚከፈተው ከውስጥ ነው። የሚከፍተው ደግሞ ክፋት የሌለበት ልጅ፣ ወይም የቸኮለ አባት፣ ወይም እኔ ራሴ ነኝ። በሩ መከፈቱን ቀድሞ የሚያየውም ልጁ ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ የምለምናችሁ ይህን ነው፦ ዛሬ ማታ ልጃችሁን ጠርታችሁ "ኮምፒውተሩ ላይ የሚያስደነግጥ ነገር ካየህ ንገረኝ፣ አልቆጣህም፣ አልቀማህም" በሉት። ብላችሁም ቃላችሁን ጠብቁ።

ልጁ ያን ዕለት ተናግሮ ቢሆን ሥራው የጥቂት ደቂቃ ነበር። መጀመሪያ የላፕቶፑን ዋይፋይ ማጥፋት። ከዚያ በእናትየው ስልክ ቴሌግራም ከፍቶ፣ ሴቲንግ ገብቶ፣ ዲቫይስስ የሚለውን መንካት። የገባው መሣሪያ ሁሉ እዚያ ተዘርዝሮ ይታያል። ሌሎቹን በሙሉ አስወጣ የሚል ትእዛዝም አለው። ቀጥሎ የኢሜይልና የሌላውን ሁሉ ፓስወርድ መቀየር፣ እሱም ከስልኩ ነው እንጂ ከታመመው ላፕቶፕ አይደለም። በመጨረሻ ለዘመድ መደወል። በጽሑፍ ሳይሆን በድምፅ። ገንዘብ የሚጠይቅ መልእክት ለደረሰውም ያው ነው፣ ሰውየውን ደውሎ ድምፁን ሳይሰማ አንዲት ብር አይላክ። ቴሌግራም ላይ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን የሚባል ተጨማሪ ፓስወርድ አለ፣ ዛሬውኑ አብሩት። ኮድ ለሚሰርቁት ፍቱን ነው። ፋይሉን ገልብጦ የሄደን ግን አያቆመውም፣ እሱ የሚባረረው በዲቫይስስ በኩል ነው።

አሁን ስለ ክራክ። በከተማችን ፀሐዩ ሲበረታ ሰው በሩን ዘግቶ ጋደም ይላል። ልጆች ከትምህርት ተመልሰው ከላፕቶፑ ጋር ብቻቸውን የሚሆኑት በዚያ ሰዓት ነው። የሚጭኑትን ሁሉ ቆማችሁ ልታዩ አትችሉም። ግን አንድ ነገር ማድረግ ትችላላችሁ። ዊንዶውስ ላይ ለልጁ የራሱን አካውንት ክፈቱለት፣ ስታንዳርድ የሚባለውን። አድሚኒስትሬተሩ እናንተ ሁኑ፣ ፓስወርዱም እናንተ ጋ ይቀመጥ። ያኔ ብዙው ፕሮግራም የእናንተን ፓስወርድ ካልጠየቀ አይጫንም። ልጁ መጥቶ ይጠይቃችኋል፣ እናንተም "ይሄ ምንድነው?" ትሉታላችሁ። ፋይዳው እዚያች ንግግር ላይ ነው። ዘዴው ሁሉን ነገር አይዘጋም፣ ያለ ፓስወርድ ሾልኮ የሚሠራ ተንኮለኛ ፋይልም አለ። ለእሱ ደግሞ ዊንዶውስ ዲፌንደር የሚባለው አንቲቫይረስ አለላችሁ። ከዊንዶውሱ ጋር በነፃ ይመጣል፣ ለአብዛኛው ቤት በቂ ነው። "አጥፋው" የሚል ማንኛውም መመሪያ ሲመጣ፣ ያ መመሪያ ራሱ የሌባው ድምፅ መሆኑን ልጆቻችሁ ይወቁ።

ለጥገና የምታስገቡትም ላይ ዓይናችሁ ይኑር። ላፕቶፑ ፎርማት ተደርጎ ሲመለስ ብዙ ጊዜ ዊንዶውሱን ያለ ክፍያ አክቲቬት ማድረጊያ ክራክ አብሮት ይመጣል፣ ዲፌንደሩም ጠፍቶ ይመለሳል። አንዳንዴ እንደ ኤኒዴስክ ያለ፣ ከሩቅ ሆኖ ኮምፒውተሩን ለመክፈት የሚያገለግል ፕሮግራም ተጭኖ ይቀራል። ፕሮግራሙ በራሱ ክፉ አይደለም። ማን እንደጫነውና ለምን እንደተጫነ ካላወቃችሁ ግን አስወጡት። ከከተማችን ታይዋን ገበያ ያገለገለ ላፕቶፕ የገዛችሁም፣ የበፊቱ ባለቤት ምን ትቶበት እንደሄደ ስለማታውቁ፣ ሳትጠቀሙበት በፊት ሙሉ በሙሉ አጥፍታችሁ አዲስ ዊንዶውስ ጫኑበት።

አፕዴት ላይ፣ ማለትም የዊንዶውሱን ቀዳዳ በሚደፍነው ማደሻ ላይ፣ ትንሽ ልቆይ። "ፓኬጅ ይበላብናል" ብላችሁ እንደምትዘጉት አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ይበላል። ግን ይህን ተመልከቱ። ግንቦት 2009 ዓ.ም. ላይ ዋናክራይ የተባለ ቫይረስ በ150 ገደማ አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን ቆልፎ ብር ጠየቀ። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቀጠሮ ሰርዘው በሽተኛ መለሱ። የሚያሳዝነው ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን አፕዴት ያወጣው በመጋቢት፣ ሁለት ወር ቀድሞ መሆኑ ነው። ከተጎዱት ብዙዎቹ ያን አፕዴት ያልጫኑ ነበሩ።

አሁን ደግሞ ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ላይ መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል። ብዙዎቻችሁ ቤት ያለው እሱ ነው። ተመዝግቦ እስከ ጥቅምት 2019 ዓ.ም. የደህንነት አፕዴት ማግኘት ይቻላል፣ አመዘጋገቡን የአይሲቲ መምህራኖቻችን ያሳዩአችኋል። ወደ ዊንዶውስ 11 ለመሻገር የዊንዶውስ ባለቤት ማይክሮሶፍት፣ ፕሮሰሰሩ (የኮምፒውተሩ አንጎል) ኢንቴል የሆነውን ከ8ኛ ጄኔሬሽን፣ ማለትም ከ8ኛ ትውልድ፣ ጀምሮ ይቀበላል። ስለዚህ ላፕቶፕ ልትገዙ ያሰባችሁ ኮር አይ 5 ነው ወይስ አይ 7 ብቻ ሳይሆን ስለ ጄኔሬሽኑም ጠይቁ። 6ኛ ጄኔሬሽን ኮር አይ 7 ከ8ኛ ጄኔሬሽን ኮር አይ 5 ይሻላል የሚላችሁን አትመኑ።

ፍላሽን በተመለከተ ጥፋቱ የእኛም ነው። ባለፈው ዓመት የቢሯችን ኮምፒውተር ውስጥ ያሉ ፎልደሮች በሙሉ ተደብቀው በምትካቸው ሾርትከት፣ ማለትም ፎልደር የሚመስል አቋራጭ ምልክት፣ ብቻ ቀረ። ወረቀት ለማተም ውጭ የሄደ አንድ ፍላሽ ነው ይዞት የተመለሰው። የሁለት ክፍል ውጤት እንደገና ከመምህራን ደብተር ተለቅሞ ተጻፈ። ሦስት ቀን ፈጀ። የመምህራኑን ድካም ስላየሁ፣ አሁን ወደ ቤተ ሙከራችን የሚገባ ፍላሽ ሁሉ ስካን ሳይደረግ አይከፈትም። ውጤቱም ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ መሳቢያ ውስጥ በሚቆለፍ ሃርድ ዲስክ ላይ ሁለተኛ ቅጂ አለው። እናንተም የልጆቻችሁን ፎቶና ሰነድ እንዲሁ አድርጉ። ሃርድ ዲስኩ ሁልጊዜ ተሰክቶ ከዋለ ግን ቫይረሱ እሱንም ይቆልፈዋል።

አንዳንዶቻችሁ "ልጄ የሚያደርገውን ሁሉ በድብቅ የሚያሳየኝ ፕሮግራም ጫንልኝ" ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። ጭንቀታችሁ ይገባኛል፣ እኔም ወላጅ ነኝ። ግን እምቢ ብያለሁ፣ አሁንም እምቢ እላለሁ። እንዲህ ያለው የስለላ ፕሮግራም የልጃችሁን መልእክትና ፎቶ ወስዶ የማታውቁት ኩባንያ ጋ ያስቀምጣል። እዚያ ሲሰረቅ የሚጋለጠው ልጃችሁ ነው። ከዚያ ይልቅ ላፕቶፑን ሳሎን አስቀምጡት። በቀላሉ ይታያል፣ ልጁም ያውቀዋል። የትልልቅ ክፍል ተማሪዎችም ይህን ስሙ፦ የጓደኛን ስልክ ወይም ኮምፒውተር ያለ ፈቃዱ መክፈትና መሰለል በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስጠይቃል።

ካሜራው ላይ ፕላስተር ለጥፉ። ፍርሃት አይደለም። ሰኔ 2008 ዓ.ም. ማርክ ዙከርበርግ በለጠፈው ፎቶ ላይ የራሱ ላፕቶፕ ካሜራ በፕላስተር ተሸፍኖ ታይቷል። የፌስቡክ ባለቤት ካደረገው፣ መኝታ ቤቷ የምታጠና ልጅ ያላችሁ እናንተማ ልታደርጉት ይገባል።

የዋይፋዩ ፓስወርድ ሠፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ከሆነ ቀይሩት። ራውተሩን ራሱን፣ ማለትም ዋይፋይ የሚያሰራጨውን ሣጥን፣ የሚከፍተውንም ፓስወርድ፣ ከፋብሪካ እንደመጣ ያለውን፣ አብራችሁ ቀይሩ። የፋይዳ መታወቂያና የፓስፖርት ፎቶ ዴስክቶፕ ላይ አታስቀምጡ። የቴሌብር ፒን ኮምፒውተር ላይ አይጻፍ።

"እንግዲያው ኮምፒውተሩ ይቅርብን" እንዳትሉ አደራ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኦንላይንም እየተሰጠ ነው። ማውስ ሳይለምድ ለፈተና የሚቀርብ ልጅ ይጎዳል።

የሚቀጥሉትን ሦስት ቅዳሜዎች፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት፣ ቤተ ሙከራችን ለእናንተ ክፍት ነው። ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ኑ። አፕዴቱን በትምህርት ቤቱ ኢንተርኔት እናወርድላችኋለን፣ ፓኬጃችሁ አይነካም። ክራኩን እናጸዳለን፣ የልጁን አካውንት አብረን እንከፍታለን። ክፍያ የለውም። የአድሚኒስትሬተሩን ፓስወርድ ራሳችሁ ጻፉት፣ እኛ ፊታችንን እናዞራለን።

የላፕቶፑ ታሪክ የተጻፈው በእናትየውና በልጁ ፈቃድ ነው። ልጁ ቅዳሜ መጥቶ መምህራኑን ልርዳ ብሏል። ቴሌግራም ላይ ዲቫይስስ የት እንዳለ የሚያሳያችሁ እሱ ነው።

ቻርጀራችሁን እንዳትረሱ። መብራት ከጠፋ ለቀጣዩ ቅዳሜ እናሸጋግረዋለን።

ከአክብሮት ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር